ለጥጃው ምን ታደርጉለታላችሁ?

ክቡር አቶ አዛናው የወረታ ሐኪም ቤታችን ኃላፊ፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ ከቅዳሜ ገበያ ስትመለሱ የጠላው ሽታ የጠራችሁ ጎረቤቶችም ጭምር፤ እንዴት ዋላችሁ?

ይህን ዳስ የጣላችሁልኝን፣ ዳቦውን የደፋችሁልኝን፣ ወንበር ከየቤታችሁ ተሸክማችሁ ያመጣችሁልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በዚህ ግቢ ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ ወንበር የምደረድር እኔ ነበርሁ። ዛሬ ተደርድሮ ሲጠብቀኝ የት እንደምቀመጥ ጠፋኝ። ሁለት ጊዜ ላስተካክለው ብድግ ስል ዘበኛችን አበረ "ተቀመጪ! ዛሬ እንግዳ ነሽ!" ብሎ ተቆጣኝ። አበረ አሥር ዓመት ሲቆጣኝ እውነት ይዞ የተቆጣኝ ዛሬ ብቻ ነው።

ንግግር አድርጊ ስትሉኝ አልችልም ብዬ ነበር። የሐኪም ረዳቱ፣ ድሬሰራችን ኃይለ ሚካኤል "እትዬ ይርገዱ፣ ጽፈሽ አንብቢው" አለኝ። ጻፍሁት። ፊደል የቆጠርሁት ከወንድሜ ጀርባ ተቀምጬ፣ እሱ ለየኔታ ሲያነብ ሰርቄ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ እጄ ቀስ ይላል። አራት ቀን ፈጀብኝ። ብታንቀላፉ ቅር አይለኝም። ብቻ አቶ ደሞዝ እንዳያንቀላፉ። ሳይጋቡ እንዲህ ካንቀላፉ ወደፊት ማንን ላዋራ ነው?

አዎ፣ እሳቸውን ላገባ ነው፤ የምትሸኙኝም ለዚህ ነው። በሃምሳ ዓመቴ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ስስቅ ነው የሰነበትሁ።

ለማታውቁኝ እንግዶች ሥራዬን ልንገራችሁ። መዝገቡ ላይ "ጽዳት" ይላል። ጠርጌያለሁ፣ አልዋሸም። ግን ጠዋት ጠርጌ ስጨርስ ዋናው ሥራዬ ልጅ መያዝ ነበር። የምን ልጅ? ዓይኑ ውስጥ ትል የገባበት ልጅ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት አለ፤ ከብት ባለበት ዝንብ አለ። ዝንቡ የጥጃውን እንባ ይልሳል፤ ከዚያ ተነሥቶ የልጁን እንባ ይልሳል። በጥጃው ዓይን ውስጥ የነበረው ትል በዚህ መንገድ ወደ ልጁ ይሻገራል። ኃይለ ሚካኤል መጀመሪያ ሲያስረዳኝ አላመንሁትም።

"ዝንብ ደግሞ ጭነት ይጭናል?" አልሁት።

"ይጭናል እንጂ! ከጎንደር መኪና ይበልጣል። የሚለየው መንገድ ላይ አለመበላሸቱ ነው" አለኝ።

ትሉ ነጭ ክር ይመስላል። ከዓይን ሽፋን ሥር ይደበቃል፤ ሲንቀሳቀስ ልጁ ያብዳል። ኃይለ ሚካኤል የሚያደነዝዝ ጠብታ ይጨምርና በቀጭን ወረንጦ ይዞ ያወጣዋል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን ልጁ ወረንጦ ሲያይ ዓይኑን ይከፍታል? ይጨፍናል። ይራገጣል። ኃይለ ሚካኤልን ይነክሳል። ኃይለ ሚካኤል፣ ክንድህን አሳያቸው እስቲ። በተራ የተደረደረ የጥርስ ምልክት አለበት።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በ1948 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ያዝሁ። ጨፈነ። ለመንሁት፣ እምቢ አለ። ቆሎ ሰጠሁት፤ ቆሎውን በላና ጨፈነ። መላ ሲጠፋኝ፣ እንዴት እንደ መጣልኝ እንጃ፣ "እምቧ!" አልሁ።

ልጁ መራገጡን ተወ። ከዚያ ሁለቱንም ዓይኑን በልጥጦ ወደ በሩ ዞረ።

"ቡሬ መጣች!" አለ።

ቡሬ ላማቸው ናት። ቡሬ በሩ ላይ ሳትደርስ ኃይለ ሚካኤል ትሉን አወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ሐኪም ቤት ውስጥ ላም እኔ ሆንሁ።

አቶ አዛናው፣ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? ከጎንደር ነው የመጡት፣ አዲስ ሹም ሆነው፣ ሱሪዎ እንደ ቢላ የተተኮሰ። ገና እግርዎ ግቢውን ሲረግጥ ከውስጥ "እምቧ!" ሰሙ።

"ይህ ሐኪም ቤት ነው በረት?" አሉ። "ማነው ላም ያስገባው?"

አበረ ቀጥ ብሎ ቆመና "ጌታዬ፣ ላም አይደለችም። ወይዘሮ ይርገዱ ናት" አለ።

"ምን ሆና?"

"ሥራ ላይ ናት።"

ያን ቀን ማታ ወደ ጎንደር ለመመለስ መኪና ጠይቀው ነበር ይባላል። መኪና ስላልተገኘ ይኸው አራት ዓመት ኖሩ።

አቶ ደሞዝንም ያመጣብኝ ይኸው ጩኸት ነው። ዘንድሮ አይደለም፣ አምና። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከቁሐር ሚካኤል መጡ። እኔ እንደ ልማዴ "እምቧ" አልሁ። ልጁ ግን ዓይኑን አልከፈተም። አቶ ደሞዝ ከጥጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

"እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ የላም ድምፅ አይደለም" አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን ሙያ! "ታዲያ የምንድን ነው?" አልሁ፣ ተቆጥቼ።

"ሆዱን የነፋው ወይፈን ድምፅ ነው። ላም ጥጃዋን ስትጠራ ከሆዷ ትጀምራለች። እንዲህ..."

ጮኹት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከግቢው ውጭ ገበያተኛ ያሰራት ላም መለሰችላቸው! ልጁ ሳቀ፣ ዓይኑ ተከፈተ፣ ትሉ ወጣ። የላሚቱ ባለቤት ላሜ ገመድ በጥሳ ሮጠች ብሎ በር እየደበደበ መጣ።

በሳምንቱ አቶ ደሞዝ ልጁን ይዘው መጡ። "ዓይኑ ይታይልኝ" አሉ። ታየ፤ ደኅና ነው። በሌላው ሳምንትም መጡ። ልጁ ራሱ "አባባ፣ እኔ እኮ ድኛለሁ" አላቸው። በአራተኛው ሳምንት ያለ ልጁ መጡ።

"አባት፣ ታማሚው የታለ?" አለ ኃይለ ሚካኤል።

"ቤት ቀርቷል።"

"ታዲያ ማንን እንይ?"

አቶ ደሞዝ ኮፍያቸውን አዟዟሩት። ሁላችሁም ገባችሁ፤ አበረ እንኳ ገባው። እኔ ብቻ ትሉ ተመልሶ ይሆን እንዴ ብዬ ስጨነቅ ዋልሁ።

እንግዲህ ይህ የሳቁ ክፍል ነው። አሁን የምናገረው ግን እስከ ዛሬ ያልነገርኋችሁ ነው። ከኃይለ ሚካኤል በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም አብሮኝ ጥፋተኛ ነው።

እናቶቹ ሐኪም ቤት ከመምጣታቸው በፊት የሚያደርጉት አላቸው። ጥጃ ዓይኑን ትል ሲይዘው ትምባሆ አኝከው ጭማቂውን ይተፉበታል፤ አለዚያም ጨው በውኃ በጥብጠው ያፈሱበታል። ልጅ ሲታመምባቸው ያንኑ ያደርጋሉ። ምን ያድርጉ? የሚያውቁት ያንን ነው። ትምባሆ ያረፈበት ዓይን ግን ይቃጠላል። ኃይለ ሚካኤል ሳያውቅ ወረንጦ ቢያስገባ ያቆስለዋል። ካወቀ መጀመሪያ ደጋግሞ ያጥበዋል፣ ቅባት ያደርግለታል፣ ትሉን ለሌላ ቀን ይተወዋል። ስለዚህ ማወቅ አለበት።

እናቲቱን ሲጠይቃት ግን ምን ትላለች?

"ምን አደረግሽበት?"

"ምንም።"

"ትምባሆ አልነካም?"

"በስመ አብ! እኔ የክርስቲያን ልጅ! ትምባሆ ከቤቴ ገብቶ አያውቅም።"

የትምባሆው ቅጠል የልጁ ቅንድብ ላይ ተለጥፎ እያየነው! ለምን ትዋሻለች? አንደኛ እኛን ትፈራለች። ሁለተኛ የነፍስ አባቷን ትፈራለች፤ ትምባሆ በአፏ መግባቱን ቢሰሙ ቀኖና ይሰጧታል። ለጥጃ ከሆነ ግን ማንም አይቆጣም። ለጥጃ ሲባል የታኘከ ትምባሆ ቀኖና የለበትም።

ይህን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንዷን እናት ወረፋ ስትጠብቅ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥሁና ለወሬ ያህል፣

"እናንተ ሰፈር ጥጃ ዓይኑን ሲታመም ምን ታደርጉለታላችሁ?" አልኋት።

ፊቷ በራ። "ኡ! የጥጃማ እኔን ጠይቂኝ! ትምባሆ አኝኬ ጥፍት ነው። ሦስት ጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ።"

"በአንዱ ዓይኑ ብቻ?"

"በሁለቱም እንጂ! ሌላው ዓይን እንዳይቀና።"

"ጥጃው አላለቀሰም?"

"አለቀሰ እንጂ! ሰፈሩ ተሰበሰበ። አባቱማ በዱላ ሊመታኝ ነበር።"

ክቡራትና ክቡራን፣ የጥጃ አባት ዱላ ሲያነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ወዲህ ልጁን የሚመለከት ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ስለ ጥጃው ብቻ ነው። ስንት ቀን ሆነው? መቼ ተጨመረለት? ትናንት ነው ዛሬ? ሁሉን ይነግሩኛል፣ ያውም በኩራት። አንዷ "ጥጃችን አሁን ጡት ጥሏል፣ ጥሬ መብላት ጀምሯል፣ አያቱን በስሟ ይጠራል" ብላኛለች።

ችግሩ ለኃይለ ሚካኤል መንገሩ ላይ ነበር። እናቲቱ እየሰማች "ትምባሆ ነው" ብዬ ብነግረው አምናኝ የነገረችኝን አወጣሁባት ማለት ነው። ስለዚህ በሳል ተስማማን። አንድ ጊዜ ከሳልሁ ጨው። ሁለት ጊዜ ከሳልሁ ትምባሆ። ሦስት ጊዜ ከሳልሁ ሁለቱም ነው፣ ውኃውን ቶሎ አምጣ።

ሠራልን። ብቻ አንድ ክረምት ጉንፋን ያዘኝ። ልጅ እንደ ያዝሁ ሳሉ ተነሣብኝ፣ አልቆም አለ። ኃይለ ሚካኤል ወረንጦውን አንሥቶ ይቆጥራል። አቆምሁ ስል ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣

"እትዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሳልሽ። አሥራ አንድ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ይማርሽ በለኝ ማለት ነው!" አልሁት።

አቶ አዛናው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳል ከቢሯቸው ይሰማሉ። አንድ ቀን ጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። "ወይዘሮ ይርገዱ፣ ስንት ጊዜ ሆነሽ እንዲህ ከሳልሽ?" አሉኝ። "ስድስት ዓመት" አልሁ። ምን ልበል? ልክ ነው። ተነሥተው መስኮት ከፈቱ። በማግሥቱ በጭነት መኪና ላይ አሳፍረው ጎንደር ራጅ ልነሣ ላኩኝ። የራጁ ሰው ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዞ አየውና "እማማ፣ ይህ ሳንባ ገና አልተነካም፤ ማን ነው የላከሽ?" አለኝ።

ስመለስ አቶ አዛናው ደስታቸው ልክ አጣ። ሰውነቷ ይጠገን ብለው አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ወተት አስጠጡኝ። ክቡር አቶ አዛናው፣ ወተቱን ጠጥቼ ዝም አልሁ። ጥሩ ወተት ነበር። ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ደኅና ነበርሁ። ሳሉ ትምባሆ ነበር።

ይህን ሁሉ አሁን የምዘረግፈው ለምንድን ነው? በምሥጢር ይዤው መሄድ እችል ነበር። ላስረዳ።

ባለፈው ሳምንት የአቶ አዛናውን ጠረጴዛ ስጠርግ አንድ ወረቀት አየሁ። ወረቀቱ በግልጽ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ መሳቢያ አልከፈትሁም። እንደ ነገርኋችሁ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ጠረጴዛው በዕድሜው እንደዚያ ቀን ተጠርጎ አያውቅም። እንዲህ ይላል፦ "ማስታወቂያ። በልጃቸው ዓይን ላይ ትምባሆ፣ ጨው ወይም ሌላ ነገር አድርገው የሚመጡ እናቶች በተገልጋይ ሁሉ ፊት ተግሣጽ ይሰጣቸዋል፤ ልጃቸውም ከሁሉም በኋላ ይታያል። ከኅዳር አንድ ቀን ጀምሮ።" ፊርማው ነበረ። ማኅተሙ ብቻ ነው የቀረው።

እኔ አቶ አዛናው ክፉ ናቸው አልልም። በመስከረም አንድ ልጅ ዓይኑ ጠፍቶ ሲመጣ ምሳቸውን ሳይበሉ እንደ ዋሉ አይቻለሁ። ሳህኑን የመለስሁት እኔ ነኝ። የጻፉት ከዚያ ወዲህ ነው። እናቶቹን ባስፈራራ ትምባሆውን ይተዋሉ ብለው ነው።

አይተዉም። እኔን ስሙኝ። ትምባሆውን አይተዉም፣ መምጣቱን ነው የሚተዉት። እንዴት እንደማውቅ ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ሳቃችን እንመለሳለን።

ይህ ሐኪም ቤት ከመከፈቱ በፊት ነው። ልጄ ታይቱ ስድስት ዓመቷ ነበር። ግራ ዓይኗ ውስጥ ትል ገባ። ትምባሆ አኝኬ ተፋሁበት። አልሻል ሲላት አዝያት አንድ ቀን ሙሉ ሄጄ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። የት እንደ ሆነ አልናገርም፣ ሐኪሙም ዛሬ በሕይወት የለም። እኔ ያኔ መዋሸት አላውቅም። "ምን አደረግሽበት?" ሲለኝ "ትምባሆ" አልሁት። ሰው በተሰበሰበበት ጮኸብኝ። "ይህች ልጅ ናት ወይስ ጥጃ? ከብት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት!" አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ታይቱ ቀና ብላ አየችኝና "እምዬ፣ ማንን ነው የሚቆጣው?" አለችኝ። "ሌላ ሰው ነው" አልኋት። ሳትታይ ይዣት ወጣሁ።

ቤት ስንመለስ ያንኑ ትምባሆ ደገምሁት። ሌላ የማውቀው አልነበረም። ግራ ዓይኗ ነጭ ሆነ።

በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲወጣ፣ ልጆቹ ከሰንበት ቅዳሴ የውኃውን ዳር ይዘው ሲመጡ፣ ውኃው በታይቱ ግራ በኩል ነበር። በዚያ በኩል አታይም። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ቤታቸው ገቡ። ከዚህ በላይ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

እዚህ ሥራ ስጠይቅ "ምን ትችያለሽ?" አሉኝ። "መጥረግ" አልሁ። የፈለግሁት ግን በሩ አጠገብ መሆን ነበር። አንዲት እናት ልጇን ሳታሳይ ስትወጣ ካየኋት ቀሚሷን ይዤ ልመልሳት። ይኸው ነው። አሥር ዓመት በሩ አጠገብ ነበርሁ፤ ስትወጣ አይቼ ያልመለስኋት የለችም። አንዷ ቀሚሷ ተቀዶብኝ የራሴን ሰጥቻታለሁ።

አሁን አልቅሳችሁ ዳቦውን እንዳታረጥቡት። ወደ ማስታወቂያው ልመለስ።

አቶ አዛናው፣ እርስዎ ቢሰቅሉት ማን ያነበዋል? እናቶቹ አያነቡም። የሚያነብላቸው አበረ ነው። አበረ ደግሞ "እንደምን አደራችሁ" ሲል እንኳ ከብት የሚደነብር ሰው ነው። "ተግሣጽ!" ብሎ ሲጮህ አስቡት። እስከ ሐሙሲት ድረስ ይሰማል። አበረ፣ አትቆጣ፤ እወድሃለሁ።

እኔ ደግሞ የምሄደው ቁሐር ሚካኤል ነው። ትሉ ካለበት፣ ዝንቡ ካለበት። በሬ ጠማጁ ሁሉ ትምባሆ ከሚያውቅበት። እዚያ ተቀምጬ እናቶቹን "ወረታ ሂዱ፣ የሚቆጣ የለም" እላቸዋለሁ። በእኔ ቃል ነው የሚመጡት። ልጅ አዝለው፣ ጭቃውን አቋርጠው። መጥተው ከተሰደቡ ሁለተኛ አይመጡም፤ እኔንም ሁለተኛ አይሰሙኝም። ያን ጊዜ እኔ ምን ልበላቸው? "እምቧ" ልበላቸው?

በማስታወቂያው ፈንታ ጥያቄዬን ውሰዱት። ስለ ጥጃው ጠይቁ። ኃይለ ሚካኤል ከሰኞ ጀምሮ ይለማመዳል ብያለሁ። ትናንት ሞክሮት ነበር፤ አንዲት የከተማ ሴት አግኝቶ "ለጥጃሽ ምን ታደርጊለታለሽ?" አላት። "የምን ጥጃ? እኔ ጠጅ ሻጭ ነኝ!" አለችው። ልጄ፣ መጀመሪያ ከየት እንደ መጣች ጠይቅ።

እስከዚህ ያለውን በአራት ቀን ጻፍሁ ብያችኋለሁ። የሚቀጥለው ገጽ ግን ዛሬ ጠዋት ጓዳ ውስጥ ቆሜ የጻፍሁት ነው። ፊደሉ ተደነባብሯል፤ ብሳሳት ታገሡኝ።

ከአቶ ደሞዝ አጠገብ የተቀመጠችውን ወጣት ሴት ሁላችሁም አይታችኋታል። የሙሽራው ዘመድ ናት፣ ሙሽሪትን ልታይ ነው የመጣች ብላችሁ ዳቦ ደራርባችሁላታል። ዘመዳቸውስ ናት፤ የወንድማቸው ልጅ ናት። አገኘሁሽ ትባላለች። እኔን ልታይ ግን አልመጣችም። ነጠላዋ ሥር የተኛው ልጇ ማረው ነው፤ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ትል አለ።

ጠዋት በር ላይ አበረ "ዛሬ ድግስ ነው፣ ሰኞ ነይ" አላት። መንገድ ስትጀምር ደረስሁባት። ቀሚሷን ያዝሁ። አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ስለ ጥጃው ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ ትናንት ትምባሆ ጨምሬበታለሁ። ይቆጡኛል?" አለችኝ።

አሥር ዓመት ስቀመጥበት ሳልጠይቃት እውነቱን የነገረችኝ ይህች ብቻ ናት። ጥያቄዬን ዋጥሁት። ከዚያ "አይቆጡሽም" አልኋት። ይህን ስላት ማስታወቂያው ቢሮ ውስጥ ማኅተም እየጠበቀ መሆኑን አውቃለሁ። ቃል ገባሁላት፤ ያለኝ ቃል ግን የእኔ አይደለም፣ የእርስዎ ነው።

የልጁን ዓይን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደጋግሜ አጥቤዋለሁ። ኃይለ ሚካኤል የተቃጠለውን አይቶ ቅባት አድርጎለታል፤ ዓይኑ ክፉኛ ስለ ተቃጠለ ግን ትሉ የሚወጣበትን ቀን አቶ አዛናው አይተው ይወስኑ ብሏል። ድግሱ እስኪያልቅ እንጠብቅ ብዬ ከእናንተ ጋር አስቀመጥኋት። ጠላ አልጠጣችም፤ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗ ከአቶ አዛናው አልተነሣም።

አቶ አዛናው ምን እንደሚሉ አልጻፍሁም። ገጹ እዚህ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ምርቃቴን ሳልጨርስ አልቀመጥም።

እግዚአብሔር እጃችሁን ከመንቀጥቀጥ፣ ልባችሁን ከመቸኮል ይጠብቅላችሁ። ኃይለ ሚካኤል፣ የማይነክስ ልጅ ይስጥህ። አበረ፣ ድምፅህን ይቀንስልህ፣ ዕድሜህን ይጨምርልህ። አቶ አዛናው፣ የሚያስተኛዎት እንቅልፍ፣ የሚበሉት ምሳ ይስጥዎ፤ ከዚህ ሜዳ ዓይኑ የጠፋ ልጅ ሁለተኛ አያሳይዎት። በዚህ ግቢ የሚገባ ሁሉ ልጁን ይዞ ደስ ብሎት ይውጣ። የሜዳው ልጆች ውኃውን በሁለቱም ዓይናቸው እያዩ ይሻገሩት። ጎረቤቶቼ፣ ሰላም ሁናችሁ ቆዩኝ፤ ቁሐር ሚካኤል ስትመጡ ቤቴ ቤታችሁ ነው።

አሜን በሉ እንጂ!

እንግዲህ አቶ አዛናው፣ እባክዎ ብርጭቆዎን ያስቀምጡና እጅዎን ይታጠቡ። አገኘሁሽ፣ ተነሺ እናቴ፤ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ፊት ነይ። አይዞሽ፣ ሰዎቹን እለፊያቸው። ጠዋት ለእኔ እንደ ነገርሽኝ አድርገሽ፣ አንዲትም ሳትደብቂ፣ ለእሳቸው ንገሪያቸው።